መድኃኒቱን ካላወቅኸው ያዝ፣ ጻፈው

ጥምቀት ባለፈ ሰሞን የዓይን ክፍላችን በቀላ ዓይን ይሞላል። ያን ሰሞን ጎንደር ውስጥ እንግዳ የማያድርበት ቤት አይገኝም፤ ፎጣው አንድ፣ ትራሱ የጋራ። እኛ ካርዱ ላይ ኮንጀንክቲቫይትስ ብለን እንጽፋለን። በሽተኛው የዓይን ማዝ ይላል። መድኃኒት ቤቱ ደግሞ ምንም ሳይጠይቅ ጠብታ ከመደርደሪያ ያወርዳል።

እማማ፣ ስማቸው ይቅር፣ አራዳ ገበያ በርበሬና ቅመም ይሸጣሉ።

«ልጄ፣ የበርበሬው ብናኝ ነው» አሉኝ፣ ገና ሳይቀመጡ።

አልነበረም። በርበሬ ያኔውኑ ያንገበግባል እንጂ መጀመሪያ ግራውን፣ ከቀናት በኋላ ቀኙን እያለ ተራ አይጠብቅም። ለበዓሉ የመጣው የልጅ ልጃቸውም ቀድሟቸው ታሟል። ዓይናቸው እንባ ያወርዳል እንጂ ወፍራም ዓይናር የለውም። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰሌዳ እስከ ታችኛው መስመር በጣታቸው አሳዩኝ። ከዚያ ከጆሯቸው ፊት ለፊት ዳበስ አደረግሁ። ትንሽ እብጠት አለች።

«እዚህ ጋ ሲነካ ያምዎታል?»

«ውይ! በምን አወቅህ?»

እንደዚያ ተከብሬ አላውቅም። ለአንድ አፍታ ደብተራ ሆኜ ነበር። እብጠቷ ወደ ቫይረስ ነው የምትጠቁመው፤ አዴኖ ቫይረስ ዋናው ተጠርጣሪ ነው። ባክቴሪያ ቢመስለኝ ቴትራሳይክሊን ቅባት እጽፍ ነበር። ለቫይረስ ግን አንቲባዮቲክ ምንም አይፈይድም። ስለዚህ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ያድርጉበት፣ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ፣ ፎጣና ትራስ ለብቻዎ ያድርጉ፣ በአንድም በሁለትም ሳምንት በራሱ ጊዜ ይለቅዎታል አልኳቸው። ከባድ ሕመም ከመጣ፣ ብርሃን ማየት ካቃተዎት ወይም እይታዎ ከቀነሰ ግን ቶሎ ይምጡ።

ፊታቸው ተለወጠ።

«መድኃኒቱስ?»

«አያስፈልግዎትም።»

«እና ካርድ ያወጣሁት ታጠቢ ልባል ነው?»

ወጡና መንገዱን ተሻግረው መድኃኒት ቤት ገቡ።

በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። ወረፋ አልያዙም። በሩን ከፈት አድርገው ትንሿን ጠርሙስ ዘረጉልኝ። ቅላቱ ጠፍቷል ማለት ይቻላል።

«መድኃኒቱን ካላወቅኸው ያዝ፣ ጻፈው።»

ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሰማ። አንድ ሁለቱም ሳቁ።

ጠርሙሱ ላይ ዴክሳሜታሶን ይላል። ስቴሮይድ ነው። ቅላቱን ያጠፋል እንጂ ቫይረሱን አይነካውም፤ እንዲያውም ቆይታውን ሊያራዝመው ይችላል። ሲዘወተር የዓይን ግፊት ሊጨምር ይችላል። ዓይኑን ያቀላው ሄርፐስ የሚባለው ቫይረስ ከሆነ ደግሞ በእሳት ላይ ቤንዚን ነው። ይህን ሁሉ በሩ ላይ ቆሜ አስረዳሁ። ያቁሙት አልኩ።

«ያዳነኝን?» ብለው ሄዱ።

ለነገሩ አቁመውታል። የተረፈውን ግን ለተከራያቸው ሰጡት። ተማሪ ነው፤ ከቀናት በኋላ እጁን ይዘው አመጡት። ቀድሞ አንድ ዓይኑ ብቻ ቀልቶ ነበር፣ አሁንም ያው አንዱ። መስኮቱን በመዳፉ እየጋረደ ገባ። ሰሌዳውን በደህናው ዓይን 6/6፣ ማለትም በሙሉ እይታ አነበበ፤ በታመመው ግን 6/24፣ ሌላው ከ24 ሜትር የሚያየውን እሱ ከ6 ሜትር። አንድ ዓይን፣ ሕመም፣ ብርሃን መፍራት፣ የእይታ መቀነስ። ይሄ ተራ ማዝ አይደለም። ቁስል የሚያሳየውን ቀለም የያዘችውን የፍሎረሲን ወረቀት አስነክቼ ሰማያዊውን መብራት ሳበራ፣ ኮርኒያው፣ ማለትም የዓይኑ ፊት መስታወት ላይ አረንጓዴ ቅርንጫፍ ቁልጭ ብሎ ታየ፤ የሄርፐስ ምልክት። ሪፈር ጽፌ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ላክሁት። ጠብታው ቆሞ የሄርፐስ መድኃኒት የሆነው የአሲክሎቪር ቅባት በቀን 5 ጊዜ ተጀመረለት። ዓይኑ ተርፏል፤ ትንሽ ጠባሳ ግን ቀርቷል።

እማማ ምን አሉ?

«የሱ ዓይን ደካማ ነው። መድኃኒቱ አልተስማማውም።»

ባለ መድኃኒት ቤቱንም ሄጄ አነጋገርኩት። ነጭ ጋዋኑን እያስተካከለ «ወንድሜ፣ እኔ ካልሸጥኩ ጎረቤቴ ይሸጣል» አለኝ። በቅርቡ ቤቱን አስፍቷል። እግዜር ይጨምርለት።

እኔም ዘዴ ቀየርኩ። አሁን ለቫይረስ ማዝ ሰው ሠራሽ እንባ አዝዛለሁ። ቫይረሱን አይገድልም። መቆርቆሩን ያስታግሳል፤ ከሁሉም በላይ ግን ጠርሙስ አለው። የፎጣውንና የሳሙናውን ነገር ማዘዣውን እየጻፍኩ እነግራቸዋለሁ፤ ያኔ ጸጥ ብለው ይሰማሉ። እማማም ከገበያ ሰው ይልኩልኝ ጀምረዋል። በቀደም የመጣችው ምን ብለው እንደላኳት ነገረችኝ፦

«ወደዚያ ልጅ ሂጂ። ድሮ አያውቅም ነበር፣ አሁን ተምሯል።»