ዋስ ያልጠየቀ ብድር

ትናንት ማታ ከሥራ ስወጣ ስልኬን ከፈትኩ። ከጓደኛዬ አንድ ቃል ብቻ መጥቷል፦ «ጨረስኩ!»። ምኑን እንደጨረሰች አልጻፈችም፤ አያስፈልግም። በወር 210 ፓውንድ የግብር ዕዳ፣ አምስት ዓመት ሙሉ። ሁለታችንም የገባነው አንድ ጉድጓድ ውስጥ ነው፣ የእኔ ሰኔ ላይ አልቋል። ደስ ሊለኝ ሲገባ አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ ቆሜ አለቀስኩ። እሷን እዚያ ውስጥ ያስገባኋት እኔ ነኝ።

በፈረንጆቹ 2012 ለንደን ውስጥ በኤጀንሲ የምሠራ ነርስ ነበርኩ። ቋሚ ቅጥር የለኝም። ፈረቃ ሲገኝ እሄዳለሁ፣ ካልተገኘ ቤቴ ነኝ። ኤጀንሲው «እኛ በቀጥታ አንከፍልም፣ አምብሬላ ካምፓኒ ፈልጊና በእሱ በኩል ይከፈልሽ» አለኝ። አምብሬላ የሚሉት በሠራተኛውና በኤጀንሲው መሀል ገብቶ ደሞዝ የሚያሰላ ድርጅት ነው። በአግባቡ የሚሠሩ አሉ። ለእኔ ከአንዱ አምብሬላ የደወለው ልጅ ግን ከ100 ፓውንድ 82ቱ እጅሽ ይገባል አለኝ። ሌሎቹ ጋ የጠየቅኩት 65 ገደማ ነበር።

«ሕጋዊ ነው ወይ?» አልኩት። ጠበቃ አይቶታል፣ የግብር መሥሪያ ቤቱም ቁጥር ሰጥቶታል አለኝ። ቁጥሩ እውነት ነበር። ግን የፈቃድ ቁጥር አይደለም። ግብር ለመቀነስ የታሰበ የሚመስል አሠራር ሁሉ መመዝገብ ስላለበት የሚሰጥ ቁጥር ነው። ይህን ያወቅኩት ከሰባት ዓመት በኋላ ነው።

ክፍያው ለሁለት ተከፍሎ ይመጣ ነበር። ትንሹ በዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ የተሰላ ደሞዝ ነው፣ ያኔ በሰዓት 6.19 ፓውንድ። ትልቁ ደግሞ አይል ኦፍ ማን ከምትባል ደሴት፣ ከአንድ የአደራ ድርጅት የሚላክ «ብድር» ነው። ብድር ደግሞ ገቢ ስላልሆነ ግብር አይከፈልበትም ይሉ ነበር። ነገሩ በሙሉ የቆመው በዚህች አንድ ቃል ላይ ነበር።

ከንክኖኛል፣ አልዋሽም። እኛ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዕቁብ አለን። ዕጣ የወጣለት ሰው የስንት ዓመት ወዳጅ ቢሆን እንኳ ዋስ ሳይጠራ ብሩን አይወስድም። ይሄኛው ብድር ዋስ አልጠየቀኝም። መቼ ትመልሻለሽ አላለኝም። አበዳሪውን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ብድር በምድር ሲባል እየሰማሁ አድጌ እንዴት ዝም ብዬ ፈረምኩ? ደክሞኝ ነበር። ሌሊት ሠርተሽ ጠዋት ልጅ ትምህርት ቤት አድርሰሽ የምታነቢውን ወረቀት እንዴት እንደምታነቢው የሠራሽበት ታውቂዋለሽ። ደግሞ በየሳምንቱ 18 ፓውንድ ከመቶው ሲቆረጥ ስለማይ ግብሬን እየከፈልኩ ነው ብዬ አምን ነበር። ለካ አብዛኛው የእነሱ ኮሚሽን ኖሯል።

ከዚያ ለጓደኛዬ ነገርኳት። «አንቺ ካልሽው እሺ» አለች። ሌላ ምንም አልጠየቀችም። ሰው ላመጣ የ100 ፓውንድ ቫውቸር ይሰጡ ነበር፤ ተቀበልኩ። ለልጄ የትምህርት ቤት ጫማ ገዛሁበት።

በ2017 ሎን ቻርጅ የሚባለው ሕግ ወጣ። ከ1999 ጀምሮ በዚህ መንገድ የተወሰደና እስከ ኤፕሪል 5 ቀን 2019 ያልተመለሰ ብድር በሙሉ የአንድ ዓመት ገቢ ተደርጎ ይቆጠር ተባለ። የዓመታት ገንዘብ ባንድ ዓመት ላይ ሲቆለል፣ 20 ከመቶ ይከፍል የነበረ ሰው 40 እና 45 ከመቶ ውስጥ ይገባል። የነካው ወደ 50,000 ሰው ነው፦ ነርሶች፣ ሶሻል ወርከሮች፣ የኮምፒውተር ባለሙያዎች። ከዚሁ ጉዳይ ጋር ተያይዞ ራሳቸውን ያጠፉ 10 ሰዎች በይፋ ተቆጥረዋል። ያን ሰሞን ጓደኛዬ ስልክ ካላነሳች ቤቷ ድረስ እሄድ ነበር። በሩን ስትከፍትልኝ ለምን እንደመጣሁ አልነግራትም።

በ2019 መጨረሻ ሰር ኤሚየስ ሞርስ ሕጉን መርምሮ ካቀረበው ሐሳብ በኋላ፣ ከዲሴምበር 9 ቀን 2010 በፊት የተወሰደው ቀረ። ሌላውንም በሦስት ዓመት ከፋፍሎ ማስላት ተፈቀደ። የእኛ ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። በ2020 ከግብር መሥሪያ ቤቱ ጋር ተስማምተን ፈረምን፣ በየወሩ መክፈል ጀመርን።

ግብር መክፈል አለብኝ? አዎ። የምሠራበት ሆስፒታል የሚኖረው በግብር ነው፤ በየቀኑ የማያቸው ሽማግሌዎች የሚታከሙት በዚያው ገንዘብ ነው። ያልከፈልኩትን መክፈሌ አይቆጨኝም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። የሸጠልን ድርጅት ከ18ቱ አብዛኛውን ይዞ ሄደ። የግብር መሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ሲመጣ ለድርጅቱ ስደውል ቁጥሩ አይሠራም፣ ድርጅቱ ተዘግቷል። ሁሉንም የሚያውቀው ሰው ጠፋ፤ ምንም የማናውቀው ሁለት ነርሶች በስማችን ተገኘን። በ2025 መጀመሪያ ደግሞ መንግሥት ሬይ ማካን የሚባል ባለሙያ እንደገና እንዲመረምረው አዘዘ። ሰምቼ ተስፋ አድርጌ ነበር። ምርመራው የተመለከተው ግን ገና ያልተስማሙትን ነበር። እንደ እኛ ተስማምቶ የከፈለውን አልጨመረም። ቶሎ መክፈል እንዴት ጥፋት ይሆናል?

ባለፈው ሳምንት አንዲት አዲስ ልጅ በእረፍት ሰዓት ስልኳን አሳየችኝ። «85 ከመቶ እጅሽ ይገባል» ይላል። አሁን ብድር አይሉትም፤ «ቅድመ ክፍያ» ነው የሚለው። ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሁሉንም ነገርኳት። ፔይስሊፕሽ (የደሞዝ ወረቀትሽ) ላይ ያለውና ባንክሽ የገባው ካልገጠመ በዚያው ቀን ደውዪልኝ አልኳት፣ ሌሊትም ቢሆን።

ማታ ቤት ስገባ ለጓደኛዬ ደወልኩ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድ ቀን እንኳ «አንቺ ነሽ» ብላኝ አታውቅም። አሁንም አላለችም። «ቅዳሜ ነይ፣ ቡና አፈላለሁ» አለችኝ።

የቫውቸሩን ነገር እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ቅዳሜ እነግራታለሁ።