«ልጄን ማን አቀላት?»

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ፣ አንድ ፎቶ ቤት ውስጥ የሆነ ነው። የመልስ ፎቶ ታትሞ፣ ፍሬም ገብቶ ተሰጠ። በማግስቱ የሙሽራዋ እናት ፍሬሙን በፌስታል አንጠልጥለው ተመለሱ። ጠረጴዛው ላይ አኑረው ሙሽራዋን በጣታቸው ነኩ።

«አንተ ልጅ፣ ልጄን ማን አቀላት?»

«እማማ፣ እንዲያምር ብለን ነው» አለ ኤዲተሩ።

«እሷማ ስትወለድም አምራ ነው የተወለደችው።»

ፎቶው ላይ አራት እህትማማቾች አሉ፦ አንዷ ቀይ፣ አንዷ የቀይ ዳማ፣ አንዷ ጠይም፤ ሙሽራዋ ደግሞ ጥቁር፣ ጉንጯ ላይ ብርሃን የሚንሸራተትበት ጥቁር። ፍሬሙ ውስጥ ግን አራቱም አንድ ዓይነት የገረጣ ብርቱካንማ ሆነዋል። የሙሽራዋ አንገት አመድ የነሰነሱበት ይመስላል።

ጥፋቱ የጀመረው ከኤዲቲንጉ በፊት ነው። ሁሉም ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ለብሰዋል። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ደግሞ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ማምጣት ይወዳል፤ ነጭ ሲበዛበት ብርሃኑን ይቀንሳል። ቀሚሱ ግራጫ ሆነ፣ የሙሽራዋ ፊት ጨለመ። ፎቶው የተነሳው ካሜራው ራሱ ጨምቆ በሚያስቀምጠው በጄፔግ ብቻ ስለነበር ከጨለማው የሚወጣ ብዙም ነገር አልነበረም። ኤዲተሩ ላይትሩም በተባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ የብርቱካንማውን ብሩህነት ወደ ላይ ገፋ። የሰው ቆዳ ቢጠቁርም ቢቀላም ቀለሙ ያው ከብርቱካንማና ከቀይ አይወጣምና አራቱም አብረው ቀሉ። ማለስለሻው ሲጨመርበት የቀረችው ወዝም ሄደች።

ነገሩ የቆየ በሽታ ነው። የፊልም አምራቹ ኮዳክ ለረጅም ዘመን የላብራቶሪ ቀለም ማስተካከያ ያደረገው «ሸርሊ ካርድ» የተባለ የነጭ ሴት ፎቶ ነበር። ጥቁር ቡናማን አጥርቶ የሚያሳይ ፊልም እንዲሠራ ከወተወቱት መካከል የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ይገኙበታል። የሰው ፊት ያላስቸኮለውን ቸኮሌት አስቸኮለው።

እህትማማቾቹ ድጋሚ ተጠሩ። በዚህኛው ዙር ካሜራው ማኑዋል (ብርሃኑ በእጅ የሚስተካከልበት)፣ ፋይሉ ሮው (ካሜራው ያየውን ሳይቆርጥ የሚያስቀምጥ) ሆነ። አረንጓዴው ግድግዳ አገጭ ላይ ቀለሙን ስለሚጥል በግራጫ ጨርቅ ተሸፈነ። የሜካፕ ባለሙያዋ የሙሽራዋን ነጣ ያለ ፓውደር ጠርጋ ቫዝሊን ቀባ አደረገቻት። የጥቁር ቆዳን ቅርጽ በደንብ የሚያወጣው ነጸብራቁ ነው፤ ካሜራው ላይ የተሰካ ፍላሽ ግን ግንባር ላይ ነጭ ነጥብ ከመጣል አያልፍም። ስለዚህ ትልቅ ሶፍትቦክስ (ብርሃን የሚያለሰልስ በጨርቅ የተሸፈነ መብራት) ከጎን በ45 ዲግሪ ቆመ፤ ከቀይዋ 2 ሜትር፣ ከሙሽራዋ 1.4 ሜትር። ያቺ 60 ሳንቲም ለሙሽራዋ እጥፍ ብርሃን ትሰጣለች። ቀሚሱ ፎቶው ላይ ከልክ በላይ ነጥቶ እንዳይጠፋ ሶፍትቦክሱ ትንሽ ቀና ተደረገ፤ ልብሱ ላይ የሚያርፈው የብርሃኑ ዳር ብቻ ነው። የሙሽራዋ ፊት ብቻ ተነጥሎ (በስፖት) ሲለካ ከንባቡ አንድ ስቶፕ ያህል፣ ማለትም የብርሃኑ ግማሽ፣ ተቀነሰ፤ ያለዚያ ካሜራው ራሱ ያቀላታል።

ትልቁ ከመታተሙ በፊት አንዲት ትንሽ ሙከራ ታተመች። እናትየው ይዘዋት እስከ በሩ ሄዱ፣ በፀሐይ አዩዋት።

«በል አሁን ፍሬሙን አምጣ።»