የሞላ ወንዝና ያልታየ ዝናብ፦ ከፓትና እስከ ኮሲ

የሕንድን የቢሃር ግዛት ሰሜናዊ ክፍል በክረምት ማየት ይሻላል። መንገዱ ይጨቀያል፣ ወበቁም ያፍናል፤ ነገር ግን የሕንድ ሊቃውንት ከ1,500 ዓመታት በላይ ሲከራከሩበት የኖሩትን ምሳሌ በዓይን ለማየት ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ተመራጭ ነው። ምሳሌው የሞላ ወንዝ ነው። ደራሽ ደፍርሶ ሲመጣ፣ እኛ ያለንበት ጠብታ ባይወርድም፣ ላይ ዝናብ ጥሏል እንላለን። ዝናቡን ግን አላየነውም። ግብፆች ደመና በሌለበት ሰማይ ሥር ዓባይ ሲሞላባቸው የኖረው ጥያቄም ይኸው ነበር፤ መንስኤው በኢትዮጵያ ደጋ የሚጥለው የክረምት ዝናብ ነው።

ከቢሃር ዋና ከተማ ከፓትና ተነስቼ የጋንጋን (ጋንጅስ) ወንዝ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝመው የማሃትማ ጋንዲ ድልድይ ተሻገርኩ። በሃጂፑርና በሙዛፋርፑር አልፎ ወደ ዳርባንጋ የሚወስደው መንገድ ሚቲላ ወደሚባለው አገር ያስገባል። ኒያያ የተባለው የማስረጃና የሙግት ትምህርት ሥር የሰደደው እዚህ ነው፤ የኒያያው ሊቅ ጋንጌሻም በ14ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈው በዚሁ ምድር ነው። ዳርባንጋ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1961 የተቋቋመ የሳንስክሪት ዩኒቨርሲቲ አለ። ግራና ቀኙ የሩዝ ማሳና ኩሬ ነው፤ ከሜዳው ከፍ ብሎ የሚታየው ወንዞቹን ለመገደብ የተከመረው አፈር ነው። ይህን የአፈር ግድብ አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

የኒያያ ጥንታዊ ድርሳን ከሚታየው ወደማይታየው የሚያደርሱ ሦስት መንገዶችን ይቆጥራል። በ5ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የኖረው ተንታኙ ቫትስያያና በምሳሌ ያስረዳቸዋል። የከበደ ደመና አይቶ ሊዘንብ ነው ማለት ከመንስኤ ወደ ውጤት መሄድ ነው፤ የሞላ ወንዝ አይቶ ዘንቧል ማለት ከውጤት ወደ መንስኤ መመለስ ነው፤ ፀሐይ ስትሄድ ሳናይ ቦታዋ መለወጡን አይተን ትንቀሳቀሳለች ማለት ደግሞ ሦስተኛው ነው። የ7ኛው ክፍለ ዘመን ቡድሂስት ሊቅ ዳርማኪርቲ በመጀመሪያው ላይ እምነት የለውም። መንስኤው ቢኖርም መሰናክል ሊገባበት ይችላል፤ ደመናን ነፋስ ይበትነዋል። ውጤት ግን ያለ መንስኤው አይመጣም። በዚህ ነጥብ የዳርማኪርቲ ክርክር ይበልጥብኛል።

ድምዳሜው ለሌላ ሰው ሲቀርብ አምስት እርከን አለው። መጀመሪያ ሊረጋገጥ የተፈለገው ይነገራል፤ ቀጥሎ ምክንያቱ ይሰጣል፤ ከዚያ ምክንያቱን ከሚረጋገጠው ጋር የሚያያይዘው ሕግ ከታወቀ ምሳሌ ጋር ይጠቀሳል፤ ሕጉ በተያዘው ጉዳይ ላይ እንደሚሠራ ይታያል፤ በመጨረሻ መደምደሚያው ይጸናል። ጀማሪ የሚሰናከለው በመጀመሪያው ላይ ነው። «ላይ ዝናብ ጥሏል፤ ወንዙ ሞልቷልና» ያለ ሰው፣ ምልክቱን ታች አስቀምጦ የሚያረጋግጠውን ላይ አድርጎታል፤ ሁለቱ አልተገናኙም። ከቫትስያያና በኋላ የመጣው የኒያያ ሊቅ ኡድዮታካራ አባባሉን አቃናው፦ ይህ ወንዝ ላይኛው አገሩ ዝናብ የጣለበት ወንዝ ነው፤ እንዲህ ሞልቷልና። አሁን ምልክቱም ሊረጋገጥ የተፈለገውም ያው ወንዝ ላይ አረፉ።

ሕጉም ራሱ ይፈተናል። ጭስ ካለ እሳት አለ፤ እሳት ካለ ጭስ አለ ማለት ግን አይቻልም፤ የጋለ ብረት እሳት እንጂ ጭስ የለውም። በመሃል የተደበቀው ቅድመ ሁኔታ እርጥብ እንጨት ነው። እንዲህ ያለውን ድብቅ ነገር ለማግኘት ሁለት ጥያቄ ይበቃል፦ ድብቁ ነገር ሊረጋገጥ የተፈለገው ባለበት ሁሉ ይገኛል? ምክንያት የተባለው ባለበት ሁሉስ ይገኛል? ለመጀመሪያው አዎ፣ ለሁለተኛው አይ ከተባለ ክርክሩ ፈርሷል።

ወንዙ ላይ የተነሳው ተቃውሞ በድርሳኑ ውስጥ ተመዝግቧል። ታች ተገድቦም ወንዝ ይሞላል፤ ስለዚህ ሙላት ለዝናብ ምስክር አይሆንም። የቫትስያያና መልስ እጅግ የምወድደው ነው። የውሃው መጨመር ብቻውን ምልክት አይደለም ይላል። ውሃው ከቀድሞው የተለየ መሆኑን፣ ፍጥነቱን፣ የአረፋውን ብዛት፣ ፍሬ፣ ቅጠልና እንጨት ይዞ መምጣቱን ያየ ሰው ነው ዘንቧል የሚለው። የተገደበ ውሃ ዝም ብሎ ይነሳል እንጂ ይህን አይሸከምም። ሙላቱን ብቻ አይቶ የተሳሳተ ቢኖር ጥፋቱ የሰውየው ነው፤ መንገዱ አይነቀፍም።

ከዳርባንጋ ወደ ምሥራቅ ስቀጥል ኮሲ ላይ ደረስኩ። በኔፓል በኩል ከሂማላያ የሚወርድ፣ ደለሉ የበዛ፣ በሁለት ክፍለ ዘመን ውስጥ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምዕራብ የተጓዘ ወንዝ ነው። ነሐሴ 12 ቀን 2000 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦገስት 18 ቀን 2008) ባለ 56 በሩ ግድብ ካለበት 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ፣ ኔፓል ውስጥ ኩሳሃ ላይ፣ የምሥራቁ የአፈር ግድብ ተናደ። ወንዙም ትቶት ወደነበረው አሮጌ መንገድ ዞረ፤ ቢሃር ውስጥ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተጎዱ። በዕለቱ የነበረው ፍሰት በሰከንድ 144,000 ኪዩቢክ ጫማ ገደማ ነበር፤ የተናደው የአፈር ግድብ ግን የታቀደው 950,000 እንዲችል ነበር።

እዚህ ላይ የቫትስያያና ምልክቶች ብቻቸውን አይበቁም። ግድብ ሰብሮ የወጣ ውሃም ይፈጥናል፣ አረፋ ይደፍቃል፣ ግንድ ይነቅላል። ላይ ዘንቧል የሚለው ድምዳሜ አሁንም እውነት ነው፤ የክረምት ውሃ ነውና። ከመጠን ያለፈ ዝናብ ጥሏል የሚለው ግን ሐሰት ይሆናል። በእኔ ፍርድ ለኮሲ ሜዳ ሌላ ምልክት መጨመር አለበት፦ የተሸከመው ነገር ከየት የተነቀለ ነው? የተራራ ዛፍ ከሆነ ሽቅብ ወደ ሂማላያ ይጠቁማል፤ የቤት ክዳንና የማሳ ሰብል ከሆነ ግን የተናደውን ግድብ በቅርብ መፈለግ ይገባል።