ከኪቶ ደጋ እስከ ጋላፓጎስ፦ የኢኳዶር ጉዟችንን እንዴት እንዳቀድን

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 ለመጀመሪያ ጊዜ በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው 12 ቦታዎች መካከል ሁለቱ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ናቸው። በዚያው ዝርዝር ውስጥ ኢኳዶርም የጥንቱን የኪቶ ከተማና የጋላፓጎስን ደሴቶች ይዛ ትገኛለች። እኔና ታላቅ እህቴ ከምንኖርበት ከሜሪላንድ ተነሥተን ወደዚያች አገር ለመሄድ ያነሣሣን ይህ ጉርብትና ነው፤ ከላሊበላ ጋር በአንድ ቀን የተመዘገበች ከተማ ምን ትመስል ይሆን የሚለው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ አብሮኝ ኖሯል።

ኢኳዶር የኢትዮጵያን ሩብ ያህል ስፋት ያላት አገር ናት። ካርታዋን ያየ ሰው ሁሉንም ነገር በጥቂት ቀናት ውስጥ አዳርሳለሁ ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ሆኖም የአንዲስ ሰንሰለት አገሪቱን ከሰሜን እስከ ደቡብ መሐል ለመሐል ስለሚከፍላት፣ በምዕራብ የፓስፊክ ጠረፍ፣ በምሥራቅ የአማዞን ደን፣ በመካከል ደጋው፣ ከጠረፉ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ደግሞ ደሴቶቹ፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸው አየርና የራሳቸው ወቅት አላቸው። ስለዚህ ዕቅዴን የጀመርኩት የየከተማውን ከፍታ በወረቀት ላይ በማስፈር ነበር። ኪቶ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር፣ ኩዌንካ 2,560 ገደማ፣ ባኞስ 1,800፣ ቴና 500 አካባቢ፣ ጓያኪል ከባሕሩ እኩል ለማለት ጥቂት የቀራት። ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ እየተባለ ላደገ ሰው ይህ አከፋፈል የሚለበሰውን ልብስ ወዲያውኑ ይነግረዋል። ዝናቡን ግን አይነግረውም፤ በእኛ አገር ዝቅተኛው ምድር ብዙውን ጊዜ ደረቅ ሲሆን በቴና ዙሪያ ያለው የአማዞን ቆላ ዓመቱን ሙሉ የሚዘንብበት ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው።

ወቅቱን በሚመለከት የመረጥነው ወር ነሐሴ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ክረምቱ በሚበረታበት በዚህ ወር የኢኳዶር ደጋ ደረቅና ነፋሻ ነው፣ ተራሮቹም ከሌላው ጊዜ በተሻለ ይታያሉ። በጠረፉ ሰማዩ ዳመናማ ቢሆንም ዓሣ ነባሪዎች ወደ ፑዌርቶ ሎፔዝ አካባቢ የሚመጡት በዚህ ወራት ነው። በጋላፓጎስ ባሕሩ ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛው ውኃ ግን ምግብ ይዞ ስለሚመጣ የባሕር እንስሳቱን ለማየት ጥሩ ጊዜ ነው። አራቱም ክፍሎች አንድ ላይ የሚመቹበት ወር የለም። በበኩሌ ተራሮቹን አስቀድሜያለሁ፤ ለመዋኘት የሚጓጓ ሰው ከጥር እስከ ግንቦት ያለውን ሞቃት ጊዜ ቢመርጥ ይሻለዋል።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው ከፍታ አያስቸግረውም የሚል አስተሳሰብ በመካከላችን አለ። ለዓመታት በባሕር ጠለል አካባቢ የኖረ ሰው ሰውነት ግን የቀድሞ ልምዱን ይተዋል። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያዎቹን ቀናት በኪቶ አብያተ ክርስቲያናትና አደባባዮች በዝግታ አሳለፍን፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ወርደን፣ በባኞስ በኩል ተመልሰን ወጥተን፣ ቺምቦራዞን ወደ መጨረሻው አካባቢ አደረግነው። ቺምቦራዞ 6,263 ሜትር ከፍታ አለው፤ ምድር በወገቧ ላይ ሰፋ ስለምትል ጫፉ ከምድር እምብርት ከሁሉም ተራራ ይልቅ የራቀ ነው። መኪና እስከ 4,800 ሜትር ገደማ ድረስ ስለሚያደርስ፣ ያልተለማመደ ሰው በቀጥታ ከአውሮፕላን ወርዶ ሊሄድበት አይገባም።

ከሁሉም የጉዞው ክፍሎች ለአንባቢ አጥብቄ የምመክረው ከኪቶ ወደ ቴና የሚወስደውን መንገድ በቀን ብርሃን መሄድን ነው። አውቶቡሱ ፓፓያክታ ከመድረሱ በፊት ከ4,000 ሜትር በላይ ባለ መተላለፊያ ያልፋል፤ እዚያ ያለው ምድር በሣር ጉብታ የተሸፈነና ጉም የሚያንዣብብበት ስለሆነ የባሌን ወይም የሰሜንን አምባ ያየ ሰው አገሩ የደረሰ ይመስለዋል። ጃኬታችንን እስከ አንገታችን ቆልፈን ነበር። ቁልቁለቱ ሲጀምር የዛፍ ሽበት ቅርፊታቸውን ያለበሳቸው ዛፎች ታዩ፣ ቀጥሎ ፏፏቴዎች፣ ቀጥሎ ሙዝ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ልብሱን በየተራ እያወለቀ መስኮቶቹን ከፈተ። ወደ አማዞን የሚወርድ ሰው የቢጫ ወባ ክትባቱን ቢያንስ ከ10 ቀን በፊት መከተብ ይኖርበታል።

ስለ ደኅንነት ሳያነቡ መሄድ አይገባም። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ፕሬዚዳንት ዳንኤል ኖቦዋ በወንበዴ ቡድኖች ምክንያት አገሪቱ በውስጥ የትጥቅ ግጭት ውስጥ መሆኗን አውጀው ነበር፤ ችግሩ በተለይ የበረታው በጠረፉ አውራጃዎች ነው። እኛ የአገሪቱን ስም ብቻ ይዘን ከመፍራት ይልቅ ማሳሰቢያዎቹን አውራጃ በአውራጃ አነበብን፤ ከኩዌንካ ወደ ጓያኪል በካሃስ ብሔራዊ ፓርክ በኩል በቀን ወረድን፣ በጓያኪልም ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ አደርን እንጂ በከተማዋ አልዞርንም።

የአገሪቱ ገንዘብ እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ የአሜሪካ ዶላር ነው። ትናንሽ ሱቆችና ታክሲዎች የ50 እና የ100 ዶላር ኖት ለመቀበል ስለሚያመነቱ፣ ከቤት ሲነሡ ዝርዝር መያዝ ብዙ ጣጣ ያስቀራል። በአሜሪካ ፓስፖርት እስከ 90 ቀን ያለ ቪዛ ይገባል፤ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው ግን አስቀድሞ ቪዛ ማውጣት አለበት። ጉዟችን ከፍልሰታ ጾም ጋር ስለገጠመ እህቴ ስለ ምግቡ ስጋት ነበራት። ሩዝ ከምስር ወይም ከባቄላ ወጥና ከተጠበሰ ሙዝ ጋር በየምግብ ቤቱ ስለሚገኝ ሳትቸገር ጾማለች፤ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው አይብና ወተት ከሚገባበት ከድንቹ ሾርባ ነው።

ጋላፓጎስን መጨረሻ ላይ ያደረግነው ከኪቶ የሚነሡት አብዛኞቹ በረራዎች በጓያኪል በኩል ስለሚያልፉ ነው። ከበረራው በፊት 20 ዶላር ተከፍሎ የመግቢያ ካርድ ይወጣል። ሻንጣው ዘርና ፍራፍሬ እንዳይኖርበት ተፈትሾ በፕላስቲክ ማሰሪያ ይታሸጋል፤ የሰው እጅ ያመጣው ባዕድ ተክልና እንስሳ ደሴቶቹን ክፉኛ ስለጎዳ ይህ ጥብቅነት ተገቢ ነው። የፓርኩ መግቢያ ለአብዛኞቹ የውጭ ጎብኚዎች እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2024 ጀምሮ ከ100 ወደ 200 ዶላር ከፍ ስላለ በጥሬ ገንዘብ ይዘን ሄድን። በመርከብ ላይ እያደሩ መዞር እጅግ ውድ ነው፤ እኛ ግን በሳንታ ክሩዝ ደሴት በፑዌርቶ አዮራ አድረን፣ በእግር እስከ ቶርቱጋ ቤይ ሄደን፣ አሸዋው ላይ ተደራርበው ፀሐይ የሚሞቁትን ኢጓና የሚባሉ ጥቋቁር የባሕር እንሽላሊቶች ሁለት ሜትር ርቀን በነጻ አይተናል። ከደሴት ወደ ደሴት የሚወስዱት ፈጣን ጀልባዎች በነሐሴ ክፉኛ ስለሚናወጡ፣ ባሕር የሚያጥወለውለው ሰው መድኃኒቱን ከመሳፈሩ በፊት ይውሰድ። በደሴቶቹ በረራና ወደ አሜሪካ በሚመልሰው በረራ መካከልም አንድ ሌሊት ማስገባት ያስፈልጋል፤ የደሴቶቹ በረራ ቢዘገይ የመልሱን ትኬት ይዞ የሚጠብቅ የለም።