የሃይሉክስ ሞተር ጀልባ ላይ፦ ለጊቤ ግድብ ምን ይቀየራል?

ጅማ ውስጥ ቱኤል (2ኤል) የናፍጣ ሞተር ያለው አሮጌ ሃይሉክስ ወይም ሃያስ ማግኘት ከባድ አይደለም። ግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ ላይ ጀልባ ለማሠራት ያሰበ ሰውም መጀመሪያ የሚመጣለት ይኸው ሞተር ነው። ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም። መርክሩዘር የጀልባ ሞተሮቹን ለብዙ ዓመታት የሠራው በጀነራል ሞተርስ ሞኖብሎክ (ሲሊንደሮቹን በሚይዘው የሞተሩ ዋና አካል) ነው፤ የያንማር 6ኤልፒ ሞተርም መነሻው የቶዮታ ላንድክሩዘር 4.2 ሊትር ናፍጣ ነው። ልዩነቱ ያለው ሞኖብሎኩ ዙሪያ በሚታሰረው ዕቃ ላይ ነው። ችግሩ፣ ሰው ብር ለመቆጠብ የሚፈልገውም እዚያው ላይ መሆኑ ነው።

መኪና ከጅማ ተነስቶ ሰኮሩ እስኪደርስ ቁልቁለት አለው፣ ኩርባ አለው፣ ከብት ያስቆመዋል፤ ሞተሩ በየመሐሉ ያርፋል። ጀልባ ቁልቁለት የለውም። ፕሮፔለሩ እስከዞረ ድረስ ሞተሩ እንደተጫነ ነው፤ ሥራው ቀኑን ሙሉ ለሚፈጭ የወፍጮ ሞተር ይቀርባል እንጂ ለመኪና አይቀርብም። ደግነቱ ፕሮፔለር የሚጠይቀው ጉልበት ከዙሩ ጋር እኩል አይሄድም፤ ዙሩ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ ወደ 8 እጥፍ ይደርሳል። ስለዚህ ፕሮፔለሩ በደቂቃ 4,200 ዙር ላይ የሞተሩን ሙሉ ጉልበት እንዲወስድ ተደርጎ ከተመረጠ፣ በ3,000 ዙር የሚጠይቀው ከሲሶው ትንሽ የሚበልጥ ብቻ ነው። የሥራ ዙራችሁን እዚያ አካባቢ ወስኑት።

ኪሎ ሜትር መቁጠር እዚህ ስለማይሠራ ሰዓት ቆጣሪ ይገጠም። በ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ብናሰላው 5,000 ኪሎ ሜትር 100 ሰዓት ነው፤ ዘይት በዚያ ይቀየር። የታይሚንግ ቺንጊያው (የቫልቮቹን እንቅስቃሴ ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማው ቀበቶ) 100,000 ኪሎ ሜትር ደግሞ 2,000 ሰዓት ይሆናል። ግን በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ሙቀት ስለሚበላው፣ በእኔ ግምት 1,000 ሰዓት ላይ መቀየር ይሻላል። ቱኤል ላይ ቺንጊያ ከተበጠሰ ፒስተን ቫልቭ ይመታል፤ ሐይቅ መሐል ደግሞ ገፍቶ የሚያወጣችሁ የለም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ማቀዝቀዣው። ራዲያተሩን ከነፋኑ ጀልባ ውስጥ መግጠም አያዋጣም፤ ነፋስ ስለሌለ ፋኑ ያንኑ ትኩስ አየር መልሶ ያዞረዋል። የሐይቁ ከፍታ ወደ 1,670 ሜትር ስለሆነ፣ ክዳኑ ግፊት የማይይዝ ከሆነ ውሃው ገና 94 ወይም 95 ዲግሪ ላይ ይፈላል። የፋብሪካ የጀልባ ሞተሮች ብዙዎቹ የሐይቁን ውሃ የጎማ ክንፍ ባለው ፖምፓ ይስባሉ፤ ያ ውሃ በሙቀት መለዋወጫ በኩል የሞተሩን የራሱን ውሃ አቀዝቅዞ ከጭሱ ጋር ይወጣል። ንጹሕ ሐይቅ ላይ ጥሩ ዘዴ ነው። ጊቤ ግን በክረምት አፈር ተሸክሞ ነው የሚገባው። ደለሉ የጎማውን ክንፍ ይፍቃል። መግቢያው በቅጠል ከተደፈነ ደግሞ ፖምፓው ያለ ውሃ ይዞራል፤ ክንፉን ለማቃጠል ከደቂቃ ብዙም አይፈልግም። የተቆረጠው የክንፍ ቁራጭ መለዋወጫው ቱቦ ውስጥ ስለሚሰነቀር፣ አዲስ ክንፍ ስትገጥሙ የአሮጌውን ቁራጮች ቆጥሩ፤ ከጎደለ ፈልጉት። ከሁሉ የከፋው የሐይቁን ውሃ በቀጥታ ሞኖብሎኩ ውስጥ መልቀቅ ነው። ጭቃው ሲሊንደሮቹ ዙሪያ ይደርቃል፣ ቴስታታው (የሞኖብሎኩ የላይ ክዳን) ይጣመማል፣ መሐላቸው ያለውን ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑን፣ መቀየር ማቆሚያ ያጣል።

ለጊቤ የምመርጠው ከጀልባው ሆድ ሥር በውጭ የሚዘረጋ የብረት ቱቦ ነው። የሞተሩ ውሃ ከማቀዝቀዣ ፈሳሹ ጋር በዚያ ተዘዋውሮ ይመለሳል፤ የሐይቁ ውሃ ጭራሽ ወደ ውስጥ አይገባም። የራዲያተሩን ግፊት የሚይዝ ክዳን ከላይ በምትገጥሙት ማጠራቀሚያ ላይ አድርጉት። ቱቦው ይበቃ እንደሆነ ለማየት ጀልባውን ጠለቅ ያለ ውሃ ላይ በገመድ አስራችሁ በሥራ ዙር 30 ደቂቃ አሠሩት። ታስሮ 90 ዲግሪ ካላለፈ፣ ሲሄድማ ውሃው በቱቦው ላይ ስለሚያልፍ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ካለፈ ቱቦ ጨምሩ፤ ቴርሞስታት ማውለቅ መፍትሔ አይደለም።

በዚህ አሠራር የጭስ ማውጫው ደረቅ ይሆናል። ጭነት ላይ በጣም ስለሚግል በሙቀት መከላከያ ጨርቅ ይጠቅለል፣ እንጨት አይንካ፣ መውጫው ከውሃው ወለል በላይ ይሁን።

ካምቢዮውን በተመለከተ፣ ጀልባን ወደፊት የሚገፋው ፕሮፔለሩ ነው፤ ግፊቱም በፕሮፔለሩ ዘንግ በኩል ወደ ካምቢዮው ይመጣል። የመኪና ካምቢዮ እንዲህ ያለ ግፊት ለመሸከም አልተሠራም። ኩሽኔታው ያልቃል፣ ቀጥሎም ግፊቱ ወደ ሞተሩ ዘንግ ይደርሳል። ለጀልባ የተሠራ፣ 2 ለ 1 የሚቀንስ የማርሽ ሣጥን ከተገኘ ግዙት። ካልተገኘ ግን ግፊት የሚሸከም ኩሽኔታ ከጀልባው አጥንት ጋር በቡሎን አስራችሁ ዘንጉን በእሱ አሳልፉ።

ቤንዚን ሞተርን ባትነኩት ይሻላል። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ጀልባው ሆድ ውስጥ ይተኛል። የመኪና ሞተሪኖና ዲናሞ ብልጭታቸው ክፍት ነው፤ ካርቡራተሩም ሲሞላ ወደ ውጭ ያፈሳል። ለጀልባ የሚሠሩት ይህ ሁሉ የታፈነላቸው ናቸው፤ ዋጋቸው የሚወደደውም ያለምክንያት አይደለም።

ሞተሩ ወደ ኋላ አዘንብሎ ስለሚቀመጥ የዘይት መለኪያው ይዋሻል። መጀመሪያ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አፍስሱ፣ መጽሐፉ የሚለውን ሊትር ለክታችሁ ጨምሩና ጀልባው ውሃ ላይ እያለ ዘይቱ የደረሰበትን መለኪያው ላይ አዲስ ምልክት አድርጉ።

ፕሮፔለር ስትመርጡ ከፍታውን አትርሱ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ ጊቤ ላይ ወደ 16 በመቶ መሆኑ ነው። ለባሕር ዳርቻ በተሠራ ሠንጠረዥ የተመረጠ ፕሮፔለር እዚህ ይከብዳል። ነዳጅ እስከ መጨረሻው ሰጥታችሁ ጥቁር ጭስ ከወጣና ዙሩ 4,200 አካባቢ ካልደረሰ፣ የፕሮፔለሩን ፒች (በአንድ ዙር ወደፊት ሊሄድ የሚገባውን ርቀት) በ1 ኢንች ቀንሱ፤ ከ150 እስከ 200 ዙር ይመለስላችኋል። አሁንም ካልደረሰ ሌላ 1 ኢንች።