ከግቢው በር እስከ ቤቱ ደጃፍ

አምና ሐምሌ ላይ እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ግቢያችን ውስጥ ጭቃው አዳልጧት ወደቀች። የግራ እጇ አንጓ ተሰነጠቀ። የዚያን ዕለት ማታ፣ ሌላ ክረምት ሳይመጣ ይህን መንገድ አርማታ አስሞላለሁ ብዬ ወሰንኩ። ዘንድሮ ግንቦት ላይ ተሳካ።

መንገዱ አጭር ነው፤ 9 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ስፋት፣ ውፍረቱ 10 ሳንቲ። ግን የምንኖረው አቃቂ ነው፤ አፈሩ ጥቁር መረሬ ነው። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ይሰነጣጠቃል። በላዩ ዝም ብሎ የተሞላ አርማታ አብሮት ይሰነጠቃል። ስለዚህ 30 ሳንቲ ያህል ቆፍረን አወጣነው። ድንጋይ ደረደርን፣ ሬድ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ሞላን፣ ውሃ እያጠጣን ጠቀጠቅን። ከሙሌቱ ይልቅ ያደከመን ይሄ ነው።

አሸዋውን እንደተራገፈ ፈተሽኩት። የሃይላንድ ጠርሙስ ግማሽ ድረስ አሸዋ ሞልቼ ውሃ ጨመርኩ፣ ነቅንቄ አስቀመጥኩት። ከሰዓታት በኋላ ከላይ የተኛው ደለል ስስ ነበር። ወፍራም ቢሆን አስመልሰው ነበር።

ልኩ አንድ ለሁለት ለሦስት ነው፤ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ፣ ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ ሦስት ሳጥን ጠጠር። ሳጥኑ 50 በ40 በ18 ሳንቲ ነው። 36 ሊትር ይይዛል፤ ይህም ከአንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ጋር ይቀራረባል። 7 ከረጢት ገዝተን ከሰባተኛው ጥቂት ተረፈን።

ስለ ውሃው ግን ረዘም አድርጌ ልናገር። የዛሬ አምስት ዓመት የጓዳውን ወለል ያስሞላን ጊዜ፣ ሠራተኞቹ ለአካፋ እንዲቀላቸው በጎማ እንደልብ ለቀቁበት። ዓመት ሳይሞላው ላዩ ዱቄት ሆነ። እስከዛሬ በተጠረገ ቁጥር አቧራ ይነሳል። ትርፉ ውሃ ተኖ ሲሄድ ቦታው ባዶ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራልና። አሁን ጎማውን ዘግቼ ባልዲ ይዤ ቆምኩ። ለአንድ ከረጢት ቢበዛ 25 ሊትር፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከዚያም ያነሰ።

«ትንሽ ይቅጠን እንጂ፣ ወገብ ይቆርጣል» አሉኝ ግንበኛው።

«ጋሼ፣ እኔም አካፋ እይዛለሁ፤ ውሃ ግን አይጨመርም።»

«እሺ የኔ ልጅ፣ እንግዲያው ቶሎ ቶሎ እንበል።»

ያዝኩ። እጄ ውሃ ቋጠረ። ጋሼም የፈሰሰውን በእንጨት እየወጉ፣ በጣውላ እየመቱ ጥቅጥቅ አደረጉት። በየሜትር ተኩሉ ስስ ጣውላ ጣል አድርገን ክፍተት ተውን፤ ሲደርቅ መሰንጠቁ ካልቀረ እዚያው ይሰንጠቅ ብለን። ሊሾ እንዲሆን አልፈለግኩም፤ ሲረጥብ ያንሸራትታል። ሳይደርቅ በመጥረጊያ አግድም ጫር ጫር አደረግነው።

ከማግስቱ ጀምሮ ጆንያ አልብሰን 7 ቀን ውሃ አጠጣነው። ይህን ሥራ እማዬ ለማንም አልሰጠችም። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ጆግ ይዛ እንደ ችግኝ ታጠጣዋለች። ጆንያው ደርቆ ካገኘችው እኔን ነበር የምትቆጣው።

ሰኔ 12 ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። እማዬ ነጠላዋን ለብሳ ለሚካኤል ስትወጣ በመስኮት አየኋት። ግድግዳውን ሳትደገፍ በሩ ደረሰች። እዚያ ጋ ሰሃን የምታህል ውሃ ተኝታ ነበር፤ ወደ ቦዩ የሰጠነው የ2 ሳንቲ ዝንባሌ በሩ ላይ ጠፍቷል። ክረምቱ ሲወጣ አስተካክለዋለሁ። እስከዚያው ጠዋት ጠዋት በመጥረጊያ እገፋላታለሁ።