ጋዙ የት ገባ?

ድሬዳዋ ላይ በግንቦት ኤሲ ሲበላሽ የሰውም ጠባይ አብሮ ይበላሻል። የኛው ዛሬ ሙቅ አየር ሲተፋ ዋለ።

«መንገድ ላይ ነኝ፣ ደረስኩ» ሲለኝ ያረፈደው ባለሙያ ከሰዓት ብቅ አለ። ጌጁን (የጋዝ ግፊት መለኪያውን) ሰካና «ጋዝ ጨርሷል፣ እንሙላው» አለኝ። ያለፈውም ሰውዬ ይህንኑ ብሎ፣ ሞልቶ፣ ብሩን ተቀብሎ ሄዷል። አሁን ስልክ አያነሳም።

የኤሲ ጋዝ እኮ እንደ ቡታጋዝ ነዶ አያልቅም። በዝግ ቱቦ ውስጥ ይዞራል እንጂ። ከጎደለ ሾልኳል ማለት ነው። «ወንድሜ፣ መጀመሪያ የሚያፈሰውን ቦታ ፈልግልኝ» አልኩት። ደስ አላለውም። እናቴ በጆግ የሳሙና አረፋ በጥብጣ አመጣችለት። ውጪ ባለው ማሽን ላይ፣ ቱቦው የሚታሰርበት ዳዶ ዙሪያ ዘይት ወዝቷል። አረፋውን ሲቀባው ቡልቅ ቡልቅ አለ። የቱቦው ጫፍ ተሰንጥቋል።

ቆርጦ አዲስ ጫፍ አወጣለትና በቀጥታ ጋዝ ሊሞላ! «ቫኪዩሙስ? መጀመሪያ ውስጡ ያለው አየር በፓምፕ መመጠጥ የለበትም?» ስለው «ፓምፑን ጓደኛዬ ወስዶታል» አይለኝም? ውስጥ የቀረ አየርና እርጥበት ኮምፕሬሰሩን፣ ማለትም ጋዙን ጨምቆ የሚያዞረውን ሞተር ነው የሚበላው። ኮምፕሬሰሩ ከተበላሸ ደግሞ አዲስ ኤሲ መግዛት ሳይሻል አይቀርም። የሠራበትን ሰጥቼ ጋዙን አስቀረሁት።

ነገ በጠዋት ፓምፑን ይዞ ይመጣል አሉ። ድሬ ያላችሁ፣ የራሱ ፓምፕ ያለው ባለሙያ የምታውቁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ።